አሮጌ ቤትና አዲስ ሲሚንቶ፦ በቀዝቃዛና ዝናባማ ደጋ የሚሠራ የመኖሪያ ቤት ኮንክሪት

(ለሕዝብ ክፍት በሆነ የፋኩልቲው የንግግር መድረክ የቀረበ)



ዛሬ የምናገረው ስለ ረጃጅም ሕንፃዎች ወይም ስለ ታላላቅ ድልድዮች አይደለም። ስለ በረንዳ፣ ስለ ደጃፍ ደረጃ፣ ስለ ሊሾ ወለል፣ በጭቃ ቤት ግርጌ ስለሚለጠፍ የሲሚንቶ ልስን ነው። እነዚህ ሥራዎች መሐንዲስ አይጠሩባቸውም፤ ንድፍም አይወጣላቸውም። ይሁን እንጂ በደጋው ከተሞቻችን የሚኖረው ሕዝብ ከኮንክሪት ጋር የሚገናኘው ባብዛኛው በእነዚህ ነው። ብዙ አሮጌ ቤቶችም የሚፈርሱት ሳይጠገኑ ቀርተው ሳይሆን በመጠገናቸው ምክንያት እንደሆነ ላስረዳችሁ እፈልጋለሁ።

አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልናገር። የተወለድሁት ደብረ ብርሃን ነው። የእናቴ ቤት በጥድ ቋሚ፣ በማገርና በጭቃ ምርጊት የተሠራ፣ ከሥሩ በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ካብ ያለው፣ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሥራ እንደያዝሁ፣ ከመጀመሪያዎቹ ደመወዞቼ ቆጥቤ ሲሚንቶ ገዛሁ። የቤቱን ግርጌ በውጭ በኩል እስከ ወገብ ድረስ በሲሚንቶ አስለሰንሁ። ውስጡን ሊሾ አስደረግሁ። ዙሪያውን ደግሞ ግድግዳውን ነክቶ የሚሄድ ሜዳ የሆነ የኮንክሪት መራመጃ አስሞላሁ። እናቴ ደስ አላቸው፤ ጎረቤትም መጥቶ አየ፤ እኔም ኮራሁ።

አራት ክረምት አለፈ። ልስኑ በየቦታው ተነፋ፤ በጣት ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ያሰማ ጀመር። አንድ ሽማግሌ ግንበኛ አስጠርተን ልስኑን ሲያነሣው፣ ከሥሩ ያለው ምርጊት እንደ ሊጥ ረጥቧል፤ የጥድ ቋሚዎቹ ግርጌም በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ግንበኛው ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ ቤቱ ሲተነፍስ ኖሮ ነው፤ አፉን ዘጋችሁበት» አሉኝ። ያን ጊዜ አባባሉ ግጥም መስሎኝ ነበር። በኋላ መጽሐፍ ሳገላብጥ ትክክለኛ የፊዚክስ ቃል ሆኖ አገኘሁት።

፩. አሮጌ ግድግዳ ከውኃ ጋር እንዴት ይኖራል?

የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ላይ ሲስብ ሁላችሁም አይታችኋል፤ ከእናንተ ወጣቶቹ ባታዩም ወላጆቻችሁ ይነግሯችኋል። ጭቃ፣ ኖራ፣ ጡብና ሲሚንቶ ሁሉም በውስጣቸው እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሏቸው የመሬትን ውኃ በዚያው መንገድ ወደ ላይ ይስባሉ። የጭቃ ግድግዳም ክረምት በገባ ቁጥር ውኃ ይስባል። ልዩነቱ የሳበውን መልሶ በትነት የሚለቅ መሆኑ ነው። ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር፣ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ውኃው በግድግዳው ፊት በኩል ይወጣል። ቤቱ ደረቅ ሆኖ የሚኖረው ውኃ ስለማይገባበት ሳይሆን ከሚገባው ይልቅ የሚወጣው ስለሚበልጥ ነው።

በዚህ ግድግዳ ላይ ጥቅጥቅ ያለ የሲሚንቶ ልስን ስንለጥፍ የትነቱን በር እንዘጋለን። መሬቱ ግን ውኃውን መላኩን አያቆምም። ውኃው መውጫ ሲያጣ ከፍ ብሎ ይጓዛል፤ ልስኑ በሚያልቅበት መስመር በላይ ይወጣል፤ ወይም ከልስኑ ጀርባ ተጠራቅሞ ይቀመጣል። ሲሚንቶው ግትር ነው፤ ጭቃው ግን ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በዚህ ምክንያት በሁለቱ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ ልስኑም ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የሚገባው የዝናብ ውኃ ደግሞ በዚያው ተመልሶ በቀላሉ አይወጣም። እንጨት የውኃ መጠኑ ከ20 በመቶ በታች እስከሆነ ድረስ በፈንገስ አይበሰብስም። ለረጅም ዘመን ከዚያ በታች የኖረውን ቋሚ እኔ በአንድ ሳምንት ሥራ ከዚያ በላይ አደረግሁት።

ይህ የጭቃ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ በምኒልክ ዘመን የአርመንና የሕንድ ግንበኞች እጅ ያረፈባቸውን፣ ድንጋዩ በጭቃ ወይም በኖራ የተያያዘ ቤቶችንም ይመለከታል። የጎንደር ግንቦችን አስታውሱ። በኖራ የተገነቡ ናቸው። በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶ የተጠገኑ ክፍሎቻቸው በኋላ ሲሚንቶው እየተነሣ በኖራ እንዲተካ ተደርጓል። ለነገሥታቱ ግንብ የማይስማማው ነገር ለእናቴ ቤት እንደማይስማማ ልብ ማለት ነበረብኝ።

፪. ከቤቱ በታች ያለው አፈር

ሁለተኛው ጉዳይ መሬቱ ነው። በአዲስ አበባ ብዙ ሠፈሮችና በሰሜን ሸዋ ሜዳዎች የምናገኘው መረሬ አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። አሮጌው የጭቃ ቤት ቀላልና ልል ስለሆነ ከአፈሩ ጋር እየተነሣ እየወረደ ይኖራል፤ ቢሰነጠቅም በጭድና በጭቃ ይመረጋል። ኮንክሪት ግን መጠመም አይወድም፤ ይሰበራል።

ስለዚህ ከአሮጌ ቤት ጋር አዲስ በረንዳ ወይም ደረጃ ስንሠራ የምንፈጽመው ትልቁ ስሕተት አዲሱን ከአሮጌው ጋር አንድ አድርጎ ማሰር ነው። ሁለቱ ክብደታቸው ይለያያል፤ የመሠረታቸው ጥልቀት ይለያያል፤ ሥራቸው ያለው አፈር የሚረጥብበት ጊዜም ይለያያል። በክረምት የበረንዳው ዳር ይነሣል፤ በቤቱ ሥር ያለው አፈር ግን ጣሪያ ስላለው ገና ደረቅ ነው። የታሰሩት ነገሮች ሲጓተቱ የሚሰነጠቀው ደካማው ነው፤ ደካማውም ሁልጊዜ አሮጌው ግድግዳ ነው። መፍትሔው ከባድ አይደለም። በአዲሱ ኮንክሪትና በግድግዳው መካከል ማለያያ ክፍተት ይተውና እያንዳንዱ በራሱ ይንቀሳቀስ። ከኮንክሪቱ ሥር ያለው መረሬ አቅም በፈቀደ መጠን ተቆርጦ ይውጣና በገረጋንቲ ይተካ፤ ገረጋንቲውም በየንብርብሩ ውኃ እየጠጣ ይደቅደቅ።

፫. ኮንክሪቱ ራሱ፦ ብርድና ዝናብ ሲገናኙ

አሁን ወደ ድብልቁ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1918 ደፍ ኤብራምስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ የኮንክሪት ጥንካሬ በዋነኛነት የሚወሰነው በውኃውና በሲሚንቶው ክብደት ንፅፅር መሆኑን አሳየ። ለአንድ 50 ኪሎ ከረጢት 25 ሊትር ውኃ ከተጠቀምን ንፅፅሩ 0.5 ነው። 30 ሊትር ከሆነ 0.6 ይደርሳል፤ ጥንካሬው በግልጽ ይቀንሳል፤ ውኃ የሚያሳልፉት ቀዳዳዎችም ይበዛሉ። ይህን ሁላችሁም በሁለተኛ ዓመት ተምራችኋል። በሐምሌ ወር በአንድ ግቢ ውስጥ ምን እንደሚሆን ግን አብረን እናስላ።

ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ በተለመደው አንድ ለሁለት ለሦስት ልኬት 100 ኪሎ ገደማ አሸዋ ይገባል። በክረምት ደጅ የተከመረ አሸዋ 5 በመቶ ውኃ ቢይዝ፣ 5 ሊትር ውኃ ሳይታይ ወደ ድብልቁ ገባ ማለት ነው። ሠራተኛው እንደ ልማዱ 25 ሊትር ሲጨምር ንፅፅሩ 0.6 ሆኗል፤ ማንም አላጠፋም፤ ኮንክሪቱ ግን ደክሟል። በዚህ ላይ የረጠበ አሸዋ ያብጣል፤ በሳጥን ሲለካ መጠኑ ከደረቁ ከአንድ አምስተኛ እስከ ሩብ ያህል ሊበልጥ ይችላል። ሳጥኑ ሞልቶ ሳለ አሸዋው ጎድሏል። የቤት ሥራ የሚሠራ ሰው ላቦራቶሪ የለውም። አሸዋውን በላስቲክ መሸፈን፣ በእጅ ጨብጦ ርጥበቱን ማየትና ውኃውን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ጥቂት በጥቂት መጨመር ግን ይችላል። የአሸዋውን ንጽሕናም በጠርሙስ ይፈትን። አሸዋውን በውኃ በጥብጦ ሲያስቀምጠው ከላይ የሚረጋው ደለል ከ6 በመቶ ከበለጠ፣ አሸዋው መታጠብ አለበት።

ቀጥሎ ያለው የሙቀት ጉዳይ ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ደርቆ ሳይሆን ከውኃ ጋር በሚያደርገው ኬሚካዊ ውሕደት ነው፤ ይህም ውሕደት በብርድ ይዘገያል። በአሜሪካ ኮንክሪት ኢንስቲትዩት መመሪያ የአየሩ ሙቀት ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የወረደ ወይም ይወርዳል ተብሎ የሚጠበቅ ከሆነ ሥራው የብርድ ጊዜ ሥራ ይባላል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር ይበልጣል፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ሌሊቶች ውርጭ ይወርዳል። በመንዝና በደባርቅ ያደጋችሁም ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ከምድር ወገብ ብዙ ባልራቀ አገር ብንኖርም የብርድ ጊዜ ሥራ ይመለከተናል።

በገበያችን በብዛት የሚገኘው ፒፒሲ የሚባለው፣ እንደ ፑሚስ ያለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጨበት ሲሚንቶ ነው። ጥሩ ሲሚንቶ ነው፤ ጊዜ ካገኘ ውኃን የመቋቋም ችሎታው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከኦፒሲ ይልቅ ይዘገያል፤ ብርድ ሲጨመርበት ደግሞ የበለጠ ይዘገያል። በአዳማ ሙቀት የተማረ ግንበኛ በአንኮበር ብርድ የሶሌታ ድጋፍ በዚያው ቀን ቢያነሣ አደጋ ነው። ያልጠነከረ ኮንክሪት ሌሊት ቢበርድና በውስጡ ያለው ውኃ ቢበረድ ጉዳቱ በኋላ በማጠጣት አይመለስም። ኮንክሪቱ 3.5 ሜጋፓስካል ያህል ጥንካሬ እስኪያገኝ ከውርጭ መጠበቅ አለበት። ለዚህ ውድ ዕቃ አያስፈልግም፤ ከላይ ላስቲክ፣ ከላስቲኩ በላይ ወፈር ያለ ደረቅ ጭድ በቂ ነው። ጭድ ደግሞ በደጋው ሞልቷል። ኮንክሪቱ በማለዳ ይሞላ፤ ከሰዓት በኋላ የተሞላ ኮንክሪት የመጀመሪያውን ሌሊት ሳይጠነክር ይቀበለዋል።

«ክረምት ስለሆነ ውኃ ማጠጣት አያስፈልግም» የሚል አባባልም አለ። ግማሹ እውነት ነው። ዝናብ የጠነከረ ኮንክሪትን ይጠቅማል፤ ገና የተሞላውን ግን ፊቱን አጥቦ ሲሚንቶውን ይወስዳል። በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ አየሩ ብርድ ስለሆነ ኮንክሪቱ አይደርቅም ብለን እንታለላለን፤ ደረቁ ነፋስ ግን ውኃውን ይጠጣዋል። ለኦፒሲ ቢያንስ ሰባት ቀን፣ ለፒፒሲ ሁለት ሳምንት በረጠበ ጆንያ መሸፈን ይገባል። ውርጭ ባለበት ወቅት ውኃው በጠዋት እንጂ ለሌሊት አይረጭ። ሌላው ጎጂ ልማድ ሊሾ ሲሠራ ፊቱ ላይ ውኃ ሲወጣ ደረቅ የሲሚንቶ ዱቄት ነስንሶ ማለስለስ ነው። በማግሥቱ ያምራል፤ በዓመቱ እንደ ቅርፊት ይነሣል። ውኃው እስኪመለስ መታገሥ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ብረት ባለበት ሥራ ደግሞ ሽፋኑን አትርሱ። ብረት በኮንክሪት ውስጥ የማይዝገው የኮንክሪቱ አልካሊነት ስለሚጠብቀው ነው። የአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ እየገባ ይህን ጥበቃ ያጠፋል፤ ውኃ የበዛበት ልል ኮንክሪት ደግሞ መንገዱን ያሳጥርለታል። ዝገት ከብረቱ ብዙ እጥፍ ቦታ ስለሚወስድ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። በቀጥታ አፈር ላይ የሚሞላ መሠረት 7.5 ሴንቲ ሜትር ሽፋን ይፈልጋል፤ በየግቢው የምናየው ግን ብረቱ አፈሩ ላይ ተኝቶ ኮንክሪት ሲፈስበት ነው።

፬. የሰሜኑ መጽሐፍና የእኛ ደጋ

የምናስተምርባቸው መጻሕፍት ባብዛኛው የተጻፉት በረዶ በሚበዛባቸው አገሮች ነው። በዚያ ዋናው ጠላት መቀዝቀዝና መቅለጥ ነው። ውኃ ሲበረድ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ የኮንክሪቱ ቀዳዳዎች ከ91 በመቶ በላይ በውኃ ከተሞሉ በረዶው መስፋፊያ አጥቶ ኮንክሪቱን ይሰብረዋል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ጥቃቅን የአየር አረፋዎችን በድብልቁ ውስጥ ማስገባት ለዚህ መድኃኒት ሆኖ ተገኘ። በካናዳ ወይም በስዊድን የምትሠሩ ተማሪዎቼ ያለ እርሱ አንድ ደረጃ እንኳ እንዳታስሞሉ።

በእኛ ደጋ ግን ዝናቡና ውርጩ በአንድ ወቅት አይመጡም። ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል፤ ውርጩ የሚወርደው ምድር መድረቅ ከጀመረች በኋላ ነው። ስለዚህ የጠነከረ ኮንክሪታችን በውርጭ ጊዜ በውኃ የተሞላ አይደለም። ሁልጊዜ የሚረጥብ የውኃ ቧንቧ ሥርና የልብስ ማጠቢያ ካልሆነ በቀር ያ ጉዳት እምብዛም አያሳስበንም። የሚያሳስበን ሦስት ወር ተኩል ያለማቋረጥ የሚረጥብ ግድግዳና ሰባት ወር የሚሰነጠቅ አፈር ነው። መጽሐፉ ስለ መጀመሪያው ሙሉ ምዕራፍ አለው፤ ስለ ሁለተኛው ጥቂት ገጽ ብቻ። ቀሪውን መጻፍ የእኛ ድርሻ ነው።

፭. የሥራው ቅደም ተከተል

አሮጌ ቤት ለመጠገን ስትጠሩ ሲሚንቶ ከመግዛታችሁ በፊት በዝናብ ጊዜ ሂዱና ውኃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ። መጀመሪያ የሚጠገነው ጣሪያና አሸንዳ ነው። ቀጥሎ አፈሩ ከግድግዳው ወደ ውጭ እንዲዘቀዝቅ ይስተካከል፤ በየሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅታ ጥሩ ነው። ውኃውን የሚወስድ ቦይ ይቆፈር። በዘመናት ብዛት ከፍ ብሎ የድንጋዩን ካብ የሸፈነው አፈርም ይነሣ። ከቤቶቹ ብዙዎቹ በዚህ ብቻ ይድናሉ።

ሦስተኛው ግድግዳው ነው። በጭቃ የተሠራው በጭቃ፣ በኖራ የተሠራው በኖራ ይጠገን። የበሰበሰ ቋሚ ካለ ግርጌው ተቆርጦ ከመሬት ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ የድንጋይ ወይም የኮንክሪት መቀመጫ ላይ ይቀመጥ፤ በመካከሉ ሬንጅ ይቀባ። እንጨቱን ግን በኮንክሪት አትቅበሩት። የተቀበረ እንጨት በጽዋ ውስጥ እንደቆመ ነው፤ የገባበት ውኃ አይወጣም።

ኮንክሪት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መራመጃው በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይዘቅዝቅ፤ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ይራቅ፤ ክፍተቱ በጠጠር ይሞላ። ጠጠሩ የጣሪያውን ውኃ ፍንጣቂ ይሰብራል፤ መሬቱም በዚያ በኩል ይተነፍሳል። በውስጥ ሊሾ የሚደረግ ከሆነ ከሥሩ ውኃ የማይስብ ወፍራም የጠጠር ንጣፍ ይኑረው፤ አለበለዚያ ወለሉ የከለከለው ርጥበት ሁሉ ወደ ግድግዳው ይሄዳል።

፮. ይህ ለምን ያገባናል?

«አሮጌውን አፍርሶ አዲስ መሥራት አይሻልም ወይ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አቅም ላለው ይሻል ይሆናል። ነገር ግን በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሱት ቤቶች መካከል በቀበሌ እጅ ገብተው እስከ ዛሬ ሰው የሚኖርባቸው ጥቂት አይደሉም። በእነርሱ የሚኖር ሰው ቤቱን አፍርሶ የመሥራት መብት የለውም፤ ገንዘቡም የለውም። የሚችለው አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ገዝቶ የሚፈርሰውን ግርጌ መለጠፍ ነው። ያን ኩንታል የሚገዛው ከልጆቹ ጉርስ ቀንሶ ነው። ያ ገንዘብ ቤቱን ከሚያበሰብሰው ይልቅ አሸንዳና ቦይ ቢሆን ቤቱ ሌላ ሃያ ዓመት ይኖራል። ይህን የሚነግረው ሰው ከመካከላችን ካልወጣ ከየት ይመጣል?

ለተማሪዎች የምሰጠው የቤት ሥራ አለኝ። በሚቀጥለው ክረምት እያንዳንዳችሁ አንድ አሮጌ ቤት ምረጡ። ከሰኔ እስከ ጥቅምት በየሁለት ሳምንቱ ርጥበቱ ግድግዳው ላይ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደ ወጣ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ከጎኑ በሲሚንቶ የተለሰነ ቤት ካለ እርሱንም እንዲሁ አድርጉ። ባለቤቶቹን አስፈቅዱ፤ ለሽማግሌዎቹ ግንበኞችም ጥያቄ አቅርቡ። የምትሰበስቡት ልኬት በዚህ ፋኩልቲ መዝገብ ውስጥ ይቀመጣል።

የእናቴን ቤት አዳንነው። ልስኑ ተነሣ፤ መራመጃው በመዶሻ ተሰብሮ ከግድግዳው ራቀ፤ ስድስት ቋሚዎች ግርጌያቸው ተቀየረ፤ ምርጊቱም በጭቃና በጭድ ታደሰ። ይህን ያደረጉት እኚያው ሽማግሌ ነበሩ፤ እኔ አካፋ ይዤ ጭቃ አቀብል ነበር። እናቴ እስከ ዕለተ ሞታቸው በደረቅ ቤት ኖሩ። ሥራው ሲያልቅ ለግንበኛው ሒሳባቸውን ስከፍል የቀረውን ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ ምን እናድርገው ብዬ ጠየቅኋቸው። «የደጃፉን ደረጃ ሥራበት፤ እርሱ አይተነፍስም» አሉኝ። ሠራሁት። ከግድግዳው ሁለት ጣት አራቅሁት።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ እንሻገር።